የአባባ ጫማ ቁጥር

ውድ ወንድሜ አሞጽ፣ ባለህበት አገር ጌታ ይጠብቅህ፤ እኛ በቸርነቱ ደህና ነን።

አዲስ ጫማ የማይቀመስ ስለሆነ፣ ቅዳሜ ሚዛን ገበያ ሰልባጅ ከሚሸጠው ከኸይሩ ለአባባ ገዛሁለት። «አርባ አምስት ቁጥር» ስለው፣ «አባትሽ አርባ አንድ አልነበሩም እንዴ?» አለኝ። «እግሩ አብጦ ነው» ስለው፣ ሳልከራከረው ዋጋውን ቀነሰልኝ።

አባባ ቀኙን አደረገ፤ ግራው ግን አልገባ አለው። «ለአሞጽ አስቀምጪለት፤ ሲመጣ ያደርገዋል» አለኝ። ዛሬም ትመጣለህ ብሎ ያምናል። ቤተ ክርስቲያን ከቀረ ወር አለፈው፤ «መንገዱ ጭቃ ነው» ይላል። ዝናብ ግን ከጣለ ቆይቷል።

ትናንት አባባን ያየው ሐኪም፣ «ሌላ ልጅ የላቸውም?» ሲለኝ፣ «አላቸው» ብዬ የማታነሳውን ስልክ ቁጥርህን ሰጠሁት።

ሰላምህ ይብዛ።
እህትህ ሩሐማ