ኮት ጠባቂው

ሚያዝያ 9 ቀን

ልጄ፣ የዓይኔ ማረፊያ፣

እንደምን ከረምክ? እኛ ደህና ነን። በጻፍኩልህ ቁጥር ደህና ነን እላለሁ፤ ዛሬ ግን እውነቴን ነው። እጄ ስለማይፈጥን ይህችን ደብዳቤ የጀመርኳት ትናንት ነው።

መጀመሪያ የምናዘዝልህ ነገር አለ። ባለፈው «ውሻችን ሻለቃ እንዴት ነው?» ብለህ ስትጠይቀኝ «በር ላይ ተኝቷል» ብዬህ ነበር። አልነበረም። እህትህን በቀበርን በሦስተኛው ሳምንት ለእንጨት መጋዘኑ ዘበኛ ሰጥቼዋለሁ። አንተ ቡችላ ሳለ በካርቶን ይዘህልን የመጣኸው መሆኑን ረስቼ አይደለም። እህትህ ከስፌት ፋብሪካው በምትመለስበት ሰዓት፣ ልክ አሥራ አንድ ሲል፣ ተነስቶ ጆሮውን አቁሞ በሩ ሥር ይቆማል። በየቀኑ! አንጀቴ አልቻለም። እንዳይከፋው ብዬ የሥራ ኮቷን አብሬ ላክሁለት። ለልጇ ለሚጣ ግን «ጠፋ» አልኳት።

ሚጣ እናቷ ስትሞትም አላለቀሰች፣ ያኔም አላለቀሰች። አባቷንስ ገና ሳትድህ አይደል ያጣችው? በሰባት ዓመቷ እንደ ትልቅ ሰው ዝም።

ባለፈው ቅዳሜ ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ «የድሮ የልጆች ፊልም ነው፣ ትንሽ ፈታ ትበል» ብሎ ሁለት ትኬት ሰጠን። ስለ ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ለካ ስለ አንድ ወላጅ አልባ ልጅና ስለ ውሻው ኖሯል! እሾህ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ሆንኩልህ። ክፉዎች ውሻውን ወስደው ሩቅ ቦታ ሸጡት፤ እሱ ግን ወንዝ ዋኝቶ፣ ተራራ ወጥቶ፣ እያነከሰ ልጁ ደጅ ደረሰ። አዳራሹ በጭብጨባ ሲናወጥ ሚጣ ወደ እኔ ዞረች።

«እማማ፣ ሻለቃ ለምን አልመጣም?»

«መንገዱ ጠፍቶት ይሆናላ።»

«የዚህኛውም ጠፍቶት ነበር። ሻለቃ ስለማይወደኝ ነው። እማዬም ስለማትወደኝ ነው የሄደችው።»

ልጄ፣ ከዚያ ወዲያ መዋሸት የሚችል አፍ ከየት ይመጣል? እዚያው ጨለማው ውስጥ «ለእንጨት መጋዘኑ ዘበኛ የሰጠሁት እኔ ነኝ» አልኳት። እጄን ለቀቀችኝ። ፊልሙ ሳያልቅ ወጣን፤ እሷ ከፊት እየሮጠች፣ እኔ ጉልበቴን እየያዝኩ ከኋላ።

ዘበኛው ሲያየን ሳቀ። «እማማ፣ ጠባቂ ሰጡኝ ስል እንግዳ ነው የሰጡኝ! እሱ ኮት ይጠብቃል፣ እኔ እሱን እጠብቃለሁ።»

«አስረኸው ነበር?» አልኩት።

«ምን ያስረዋል? በሩ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው። ከኮቱ ላይ ንቅንቅ አይልም፤ ምግብም በልመና ነው።»

ያኔ ገባኝ። እህትህ ኮቷን ልትወስድ ትመጣለች ብሎ ነው። ማጽናኛ ይሁነው ያልኩት ነገር ገመድ ሆነበት። ሚጣን «አየሽ፣ አንቺን ጠልቶ አይደለም። የእናትሽን ኮት ጥሎ መምጣት አቅቶት ነው» አልኳት።

ጎንበስ ብላ ኮቱን አነሳችና ለበሰችው። እጅጌው መሬት ይጠርጋል። ሻለቃ አሸተታት፣ ተነሳ፣ ተከተላት። በሩን ሳናልፍ አንገቱን አቅፋ አለቀሰች፤ የሦስት ወሩን ሁሉ። ልጅ ሲያለቅስ ሰምቼ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

እኔን ሁለት ቀን አኮረፈችኝ፤ በሦስተኛው «ፀጉሬን ሥሪኝ» ብላ ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ ጣለችው። አሁንማ ወሬዋ አያስተኛም። ኮቱ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል። ላጥበው ብዬ ነበር፤ ተውኩት።

ሻለቃ ዛሬም አሥራ አንድ ሲል በሩ ጋ ይሄዳል። አልከለክለውም። ገርበብ አድርጌለት ስፌቴን ይዤ አጠገቡ እቀመጣለሁ። እዚያ አየሩ ጥሩ ነው።

ስምህን ክፉ አይጥራው፣ እግርህን እንቅፋት አይምታው። የምትመጣ ቀን በዚያ ሰዓት ብትደርስ፣ ማንኳኳት አያስፈልግህም።

እናትህ