አርባ አንድ ደቂቃ ወደ ሄልሲንኪ

ውድ ቦራ፣

«በቹሶክ በዓል ቡሳን ካለችው አክስቴ ቤት ሄልሲንኪ ይቀርባል!» ስትል ሰማኋት፤ አንዲት የበረራ አስተናጋጅ ለጓደኛዋ፣ ሊፍት ውስጥ። ሁለቱም ሳቁ። የአውሮፕላን መንገድና ሰዓት ማስላት እንጀራዬ ስለሆነ፣ እኔ ቢሮ ገብቼ አሰላሁት። ልጅቷ ተሳስታለች። መንገዱ በበዓል መኪና ተጨናንቆም ከዚህ ከኢንቾን እስከ ቡሳን አሥር ሰዓት ነው፤ ሄልሲንኪ አሥራ ሦስት። ሉል ላይ ክር ብትወጥሪ ሰባት ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት ይበቃው ነበር። ግን መሀል ያለው ሰማይ በጦርነት ምክንያት ተዘግቶብን እንዞራለን።

ትናንት ደግሞ እናትሽ ደወሉልኝ። «አንተ ልጅ፣ ቦራን ልድር ልሄድ ነው። መንገዱ ስንት ሰዓት ነው? ጉልበቴን ታውቀዋለህ» አሉኝ። ሰዓቱን ነገርኳቸው። የሠርጉን ወሬ የሰማሁት እንዲህ ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር ልናዘዝ። ባለፈው መከር እናትሽን ጠይቀሽ ወደ ሄልሲንኪ ስትመለሺ፣ አየር ማረፊያ የካልጉክሱ ሾርባ ስንበላ፣ ኦስካሪ እዚያ ሊቀበልሽ እንደሚመጣ ነገርሽኝ።

«ትራም ነጂ ነው፤ በሁለት ፈረቃ መሀል ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው መቆም የሚችለው» አልሽ።

«ካልመጣስ?»

«ባለፈውም ቀርቶብኛል። አሁንም መውጫው በር ላይ ካጣሁት በቃኝ፣ ዕቃዬን ሰብስቤ አገሬ እገባለሁ።» ከዚያ ጎድጓዳ ሳህኔን አይተሽ «ድንቹን አትበላም እንዴ?» ብለሽ ሳልመልስ አነሳሽው፤ ስድስት ዓመት አብረን ስንኖር እንደለመድሽው።

ወደ ቢሮ ሮጥኩና ያንቺን በረራ ከባልደረባዬ ለምኜ ወሰድኩ። ለዚያ ቀን ሁለት መንገድ ነበረ፣ ሁለቱም ደህና። ረጅሙ አርባ አንድ ደቂቃ ይጨምራል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ኦስካሪ ግማሽ ሰዓት ይጠብቃል፣ ከዚያ ወደ ትራሙ ይሄዳል፣ ከዚያ አንቺ ትወጫለሽ። ረጅሙን መረጥኩ። ምክንያት በሚለው ቦታ «የአየር መናወጥ» ብዬ ጻፍኩ። መናወጡ የት እንደነበረ አሁን ታውቂያለሽ።

ያለ አብራሪው ፊርማ እቅዱ አይጸድቅም። ካፒቴን ናም መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወረቀቱን አዩት።

«ዱሺክ፣ ይህ ሰማይ እኮ እንደ ወለል ለጥ ያለ ነው። ምን አግኝተህ ነው የምታዞረኝ?»

«ለጥንቃቄ ነው፣ ካፒቴን።»

«ሚስት አግባ ስልህ እንቢ አልክ፤ ይኸው፣ የምትጠነቀቅለት ብታጣ እኔን ታዞራለህ» አሉና ፈረሙ።

ሁለት መቶ ስልሳ ስምንት ሰው፣ ሕፃናቱ ጭምር፣ በኔ ቅናት ሰማይ ላይ ቆየ። ኦስካሪን የማውቀው በአንድ ፎቶ ነው። ጆሮው ትልቅ ነው። ድምፅሽን ቀን ከሌት ስለሚሰማበት በጆሮው እንኳ ቀናሁ። እዚህ የቀረሁት እኔ፣ ስክሪን ላይ የምትንቀሳቀስ ነጥብ እስክታርፍ አሥራ አራት ሰዓት ገደማ አፈጠጥኩ።

ይቅር በይኝ። እናትሽን በአጭሩ መንገድ እልካቸዋለሁ፣ ቃሌ ነው። ስልኩን ከመዝጋታቸው በፊት የነገሩኝን ግን አንቺም ታውቂዋለሽ፦ ያን ቀን ትራሙ ሐዲዱ ላይ ቆሞበት፣ ኦስካሪ በሩ ላይ የደረሰው አርባ ደቂቃ ዘግይቶ፣ አንቺ ከመውጣትሽ አንድ ደቂቃ ቀድሞ ነው።

ዱሺክ፣ ከኢንቾን