ያጠብሽው እግር

ይድረስ ለዘሃራዬ፣

ከሄድሽ ወዲህ ሁለተኛው በረዶ ጣለ። እዚህ ቫይትቬት ሰፈራችን ሁሉም ደህና ነው። ሊፍቱ እንደ ልማዱ ተበላሽቷል፣ ማዘጋጃ ቤቱም እንደ ልማዱ አዝናለሁ ብሏል። በረንዳ ላይ የተከልሽው ናና ሞተ። የገደልኩት እኔ ነኝ፤ ትወጂው ስለነበር ውሃ አበዛሁበት። አልጋው ላይ ያንቺን ቦታ መጻሕፍቴ ይዘውታል። አያንኮራፉም፤ እንቅልፍ ግን እንቢ አለኝ።

አንድ ቀን ከቤት ለቤት ነርስነት ሥራሽ መጥተሽ ጫማሽን ሳታወልቂ ሳሎን መሃል የቆምሽው ትዝ ይልሻል? አንቺ፣ እንግዳ በጫማ ሲገባ የሚያምሽ ሴት! አለቃሽ አንድ ታማሚ ቤት እንዳትሄጂ ስምሽን ከዝርዝሩ አውጥታዋለች። ሻርፕሽን አይታ፣ ሕሊናሽ እንዳይጨነቅ ብላ፣ በቅን ልብ። "ናይ! አይሆንም! ለአላህ መልስ የምሰጠው እኔ ነኝ፤ አንቺ አድራሻውን ብቻ ስጪኝ" ብያት መጣሁ አልሽኝ። ታማሚው ማነው ብልሽ፣ "ቁስል ያለበት ሰው" ብለሽ ጫማሽን አወለቅሽ። ካንቺ የታማሚ ምስጢር ከማውጣት ከድንጋይ ውሃ መጭመቅ ይቀላል።

ታማሚው ማን እንደነበር ያወቅኩት ለቅሶሽ ላይ ነው። ወንዶቹ ሳሎን፣ ሴቶቹ መኝታ ቤት ተቀምጠን ሳለ አንዲት ረጅም አሮጊት ኖርዌያዊት፣ ከዘራና አበባ ይዛ ኮሪደሩ ላይ ቆመች። ቶሪል እባላለሁ ብላ ለእኔና ለልጃችን ለሰሚራ ታሪኳን ነገረችን። ኮሪደራችን ጠባብ ስለሆነ ቤቱ ሁሉ ሰማ። ስትወለድ ወንድ ተብላ ተመዝግባ፣ ሴት መሆኗን ለሰው የገለጠችው ፀጉሯ ከሸበተ በኋላ ነው። እግሯ ሲቆስል ከሚላኩላት ነርሶች አንዱ ሕሊናዬ አይፈቅድም አለ፤ ሌላዋ ወገቤን አመመኝ አለች። ወገብ ከሃይማኖት ጋር እንዲህ መዛመዱን መጻሕፍቴ ነግረውኝ አያውቁም። ፈረቃ ይቀያየራል፣ እንቢ ያለ ሰው አይገኝም፣ ፋሻው ግን ሳይቀየር ይሰነብታል። እግሯ ሊቆረጥ ነው ሲባል አንቺ ደረስሽ። አጠብሽው፣ ጠቀለልሽው፣ እስኪድን ተመላለስሽ።

 ከወንዶቹ ወይስ ከሴቶቹ ጋር ትቀመጥ? ጎረቤታችን ጋሽ ይማም "እዚህ... ወይም እዚያ..." ብለው ስልካቸውን ማየት ጀመሩ፤ ስልኩ ጠፍቶ ነበር። እኔ የፈራሁት እህትሽን ነው። ሶፊያ ሰላት የማታሳልፍ፣ ቤታችን በገባች ቁጥር ሙዚቃዬን የምታስጠፋ ሴት ናት። ከመኝታ ቤት ብቅ ብላ ቶሪልን ከላይ እስከ ታች አየቻት። እግሯ ላይ ስትደርስ ዓይኗ ቆመ።

"እህቴ ያጠበችውን እግር ኮሪደር ላይ ታቆሙታላችሁ?" አለችን።

ክንዷን ይዛ ወደ ሴቶቹ አስገባቻት፤ የራሷንም ትራስ ከእግሯ ሥር አደረገችላት። ከውስጥ "እታለም፣ ጠጋ በይ እንጂ!" ሴቶቹ ሲሏት ሰማሁ። ዘሃራዬ፣ ባል በሚስቱ ለቅሶ ላይ ደረቱን አይነፋም። እኔ ነፋሁ።

ሰሚራ ነርስ ሆነችልሽ። በቀደም ማዮርስቱን ሰፈር ለሥራ ስትጠየቅ፣ "በሃይማኖትሽ ምክንያት ልንተውልሽ የሚገባ ነገር ይኖራል?" አሏት። "ናይ" አለች። ትንሽ አሰብ አድርጋም፣ "የእሑድ ጠዋት ፈረቃ ካለ ግን አንድ ሃይማኖት ልፈልግለት እችላለሁ።" ስቀው ቀጠሯት። ስንፍናው የእኔ ነው፤ "ናይ" ያለው ድምፅ ግን ያንቺ ነው፣ ቁርጥ ያንቺ።

ቶሪል አሁንም ትጠይቀናለች። ባለፈው አዲስ ናና በማሰሮ ይዛልኝ መጣች፤ ውሃውን በልክ እያጠጣሁት ነው። አንዴ ስምሽን ከዝርዝር አውጥተውት ነበር። እኔ ቤት ግን፣ እስትንፋሴ እስካለች ድረስ፣ ከመጀመሪያው መስመር የሚያወጣው የለም።

የኮራብሽ ባልሽ