ለሁለት ጀልባ የተሠራ መረብ

ይድረስ ለወንድሜ ለፊንታን፤

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ይድረስህ። እኛ ከነፋሱ በቀር ደህና ነን።

ዘንድሮ ሄሪንግ ዓሣ በርክቷል። አጎታችን ዶነካ ከነጀልባው ከሰመጠ ወዲህ አባባ አጥፎ ያስቀመጠውን ትልቁን መረብ ትናንት ይዞ ወጣ። ሁለት ጀልባ ግራና ቀኝ ካልጎተተው አፉ እንደማይከፈት ታውቃለህ። ብቻውን ሄዶ መረቡ ጢም ብሎ ሞልቶለት ተመለሰ።

«ማን ጎተተልህ?» አልኩት።

«ድሮስ ማን ነበር? አጎትሽ ነዋ። አሁንም ይቸኩላል፤ በሬዲዮ ቀስ በል ብለው አይሰማኝም» አለኝ።

እማማ ድንች መላጧን አላቆመችም።

ቅዳሜ ወደ ዶነካ ጀልባ ተሻግሮ ምሳ ሊበላ ስለሆነ ነጭ ሸሚዙን እንድተኩስለት አዞኛል። አጥቤ አስጥቼዋለሁ፤ ሊደርቅ ሲል መልሼ እነክረዋለሁ።

ፈቃድ ካገኘህ ከቅዳሜ በፊት ብቅ በል፤ ሄሪንጉ ሳያልቅ ብትቀምሰው ደስ ይለናል።

በናፍቆት፣
እህትህ ኦርላ