እጄን ያየሁበት ቀን

አምቦ፣ ጥር 12 ቀን 2015 ዓ.ም.

ድንጋጤው አሁንም አልለቀቀኝም።

ታናሽ እህቴ ዘነበች ሆዷን ኦፕራሲዮን ሆና ሆስፒታል ተኝታለች። የራስን ሰው ብቻ ጠይቆ መውጣት ነውር ነውና፣ ዛሬም በየአልጋው እየዞርኩ፣ እየጨበጥኩ «እግዜር ይማርሽ» አልኩ። ጥግ ላይ ከተኛችው የጊንጪ ሴት ስደርስ ነርሷ ጮኸችብኝ።

«አዴ ጫልቱ፣ እንዳይነኳት! ቁስሏ ላይ ያለውን ጀርም መድኃኒት አይገድለውም። በእጅ ይተላለፋል!»

«ትናንት ስጨብጣት አጠገቤ አልነበርሽም? ያን ጊዜ አፍሽን ምን ያዘው?»

«የምርመራው ውጤት የመጣው ዛሬ ጠዋት ነው፤ ምን ላድርግ?»

ውጤት እስኪመጣ ጀርሙ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ መስሏቸዋል!

ትናንት የሴትየዋ ፋሻ ተፈቶ ባይ አሳዘነችኝና አሰርኩላት። በዚያው ባልታጠበ እጄ የእህቴንም ፋሻ አስተካከልኩ። ይህን ስነግራት ነርሷ ክው አለች። ጓንት አጥልቃ ወደ ዘነበች ሮጠች፤ እኔም ተከተልኳት።

ውጭ ፀሐዩ ያቃጥላል። ዘነበች ግን ትንቀጠቀጣለች።

«እትዬ፣ በረደኝ፤ ጋቢውን ደርቢልኝ» አለችኝ።

ጋቢውን አነሣሁ። እጄን አየሁት። ጋቢውን እንድትደርብላት ለነርሷ ሰጠኋት።