ጓንት ያፈነው ጭብጨባ

ሎርናዬ፣

አንቺ ድምፁን የሠራሽለት ፊልማችን እዚህ በረዶ አገር ፌስቲቫሉ ላይ ታየልን! የአዳራሹ ማሞቂያ ስለተበላሸ ሰዉ ሁሉ ካፖርቱን ለብሶ፣ ወፍራም ጓንቱን አጥልቆ ነው ያየው። ሲያልቅ ዱብ ዱብ የሚል የታፈነ ድምፅ ብቻ ሰማሁ። እኛ ጋ ቴክሳስ ቢሆን ፉጨቱ ጆሮ ያደነቁር ነበር። «አለቀልን፣ አልወደዱትም» ብዬ ሹልክ ልል ስል፣ ትኬት የምትቀበለው አሮጊት ከበሩ ላይ ሆና፣ «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ጓንታችሁን አውልቁ! ልጁ እኮ ጭብጨባችሁን አልሰማም!» ብላ ጮኸች።

አወለቁ። ሎርና፣ ከጭብጨባው ብዛት የጣራው በረዶ በመስኮቱ ውጪ ቁልቁል ተናደ!

«የበረዶ አገር ሰው ፊልማችሁ አይገባውም» ያሉኝን አባትሽን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። ጭብጨባውን በስልኬ ቀድቼልሻለሁ፤ መጀመሪያው ላይ ምንም ባይሰማሽ እንዳትዘጊው።

ዌንደል