ኪስ ያልገባው ፊውዝ

ልጄ፣ እጅህን ከክፉ ነገር ይሰውርልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል። እህትህ ሳሎኑን አስቀባችው። አንተም እዚያ የኤሌክትሪክ ሥራ ያዝኩ ካልከኝ ወዲህ ግን እህል አልወርድ ብሎኛል።

አባትህ ሰው ቤት ሲሠራ "የሰው እጅ አያርፍም" እያለ የቆጣሪውን ፊውዝ ነቅሎ ኪሱ ይከት ነበር። የሞተ ዕለት ግን የገዛ ቤቱ ስለሆነ ቆጣሪውን አጥፍቶ ብቻ ጓዳ መሰላል ላይ ወጣ። ማን እንዳበራው አይታወቅም ያልኩህ ውሸት ነው። ከገበያ ስገባ ቆጣሪው እንደ ልማዱ በራሱ የጠፋ መስሎኝ ያበራሁት እኔ ነኝ።

እሱ ያላየውን ዕድሜ ይስጥህ፣ የኔ ጌታ። አደራህን፣ ቤት ያለችው የምትወድህ ሴት ብትሆንም ፊውዙን ኪስህ ክተት።